«ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን»

ለእህቴ ላፕቶፕ ፍለጋ የቴሌግራም የሽያጭ ቻናሎችን ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ያገለገለም ቢሆን ደህና የሚሠራ ይበቃታል። ያበሳጨኝ የዋጋው ውድነት አይደለም፣ ዋጋውን የሚጽፍ ሰው መጥፋቱ ነው። ፎቶው አለ፣ «እጅግ ንጹሕ» የሚለው አለ፤ ዋጋው ጋ ሲደረስ ግን «በውስጥ መስመር ያናግሩን»። ሳናግራቸው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሰፈሬን ነው። ቦሌ ብል ስንት፣ ሽሮ ሜዳ ብል ስንት ሊሆን ነው? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ስልክ ላይ ሲደረስ አዋጁ የተሻረ ይመስላል።

አንዱ ዋጋ ጽፎ ነበርና ደስ ብሎኝ ደወልኩለት። «ኮር አይ 7፣ እንደ አዲስ» ይላል፤ ኮር አይ 7 የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ መጠሪያ ነው። ስንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) እንደሆነ ብጠይቀው «መጥተሽ እዪው» አለኝ። መገናኛ ወዳለው ሱቁ ሄጄ፣ ከፍቼ የፕሮሰሰሩን ስም ሳይ 6600ዩ ይላል። 6ኛ ጀነሬሽን ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 2 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ ያለው። ከዚያ 2 ዓመት ቆይቶ የወጣው ኮር አይ 5 8250ዩ እንኳ 4 ኮር አለው።

«የቆየ ነው እኮ» ስለው «እህቴ፣ ሰቨን ሰቨን ነው» ብሎ ሣቀ።

ከማስታወቂያው ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም። 7 ከ5 ይበልጣል ብሎ የሚያስብ ገዢ ራሱን በራሱ እንዲያታልል ተትቷል፤ የሻጩ ድርሻ ዝም ማለት ብቻ ነው። ይህ ለእኔ ከተራ ውሸት ይከፋል። ዋሾን «እንዲህ ብለህ ነበር» ብለው ይይዙታል፤ ይህንን በምን ይይዙታል?

አልገዛም ስል ሣቁ ጠፋ። «ታዲያ ለምን ሰው ታለፊያለሽ?» አለኝ። ላፕቶፑን ከመደርደሪያ በማውረዱ ለፍቶ ይሆናል እንግዲህ፤ ታክሲ ተሰልፌ የመጣሁት እኔ ነኝ።

ማታ ጀነሬሽኑን ማስታወቂያው ላይ እንዲጨምርበት በትሕትና ጻፍኩለት። አነበበውና ከቻናሉ አስወጣኝ። በእህቴ ስልክ ስናየው የጨመረው ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ፦ «የቀረው 1 ብቻ!» አስተያየት መስጫውን ድሮውንም ዘግቶታል። መርካቶ ቢሆን የተከፋ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቢናገር ቀጣዩ ገዢ ይሰማው ነበር፤ እዚህ ግን ሱቁም ደጁም አፉም የሻጩ ነው።

አሁን ሌላ ሰው አግኝተናል። ነጋዴ አይደለም፣ የራሱን ዕቃ ነው የሚሸጠው። ዋጋውን ጽፏል፤ 8ኛ ጀነሬሽን መሆኑን፣ ባትሪው 2 ሰዓት እንደማይሞላ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ጭረት እንዳለበትም ጽፏል። ጭረቱን ለብቻው ከቅርብ ፎቶ አንሥቶታል። እህቴ ጭረቱን አልወደደችውም፣ እኔ ግን ከወዲሁ ሰውየውን ወድጄዋለሁ። ቅዳሜ ሄደን እናየዋለን፤ ቻርጀሩን ነቅለን እንድንሞክረውም ፈቅዷል።