ከወታደሩ በፊት ወረቀቱን

አምስተርዳም ውስጥ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ በ90 ዩሮ የገዛሁት የባለ ጠመንጃ ወታደር ሥዕል ጥንታዊ አልነበረም። ሻጩ «የ1607 ነው» ሲለኝ አመንኩት። ቤት ገብቼ በማጉያ መነጽር ባየው ግን መስመሮቹ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሞሉ ሆነው ተገኙ፤ ከዘመናዊ መጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ኖሯል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዓይኔ ወታደሩን እንጂ ወረቀቱን አላየም።

እውነተኛዎቹ የኔዘርላንዳዊው ሠዓሊ የያኮብ ደ ኼይን ንድፎች ናቸው። በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው በ1607 ዘ ሄግ ላይ የታተሙት 117 ሥዕሎች ከስፔን ጋር ይዋጋ የነበረውን የኔዘርላንዱን የጦር አዛዥ የማውሪትስን ሠራዊት ሥልጠና ያሳያሉ፤ 42ቱ ስለ ቀላል ጠመንጃ፣ 43ቱ ስለ ሙስኬት (ከበድ ያለ ጠመንጃ)፣ 32ቱ ስለ ረጅም ጦር። እያንዳንዱ ሥዕል አንዲት እንቅስቃሴ ብቻ ይይዛል።

ቀጠሮ ይዤ አምስተርዳም ባለው ብሔራዊ ሙዚየም፣ በራይክስሙዚየም፣ የሕትመት ሥራዎች ማያ ክፍል ገባሁ። ከገበያው ይልቅ ያ ግማሽ ቀን ብዙ አስተማረኝ። የመዳቡ ሰሌዳ ሲጫን በሥዕሉ ዙሪያ የሰረጎደ ጠርዝ ይተዋል። ቀለሙ ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ ደግሞ የተሠራበት ወንፊት መስመሮች ይታያሉ።

ሁለተኛውን ስገዛ ማጉያዬን ከኪሴ አወጣሁ፤ ሻጩ ፊቱን ቢያጨፈግግም ግድ አልሰጠኝም። ሙስኬተኛው የጠመንጃውን ባሩድ የሚለኩሰውን የሚነድ ገመድ በእስትንፋሱ ሲያራግብ ነው። ጠርዙ ስለተከረከመ ዋጋው ቀነሰልኝ። ቀለም የተቀባ ሌላ ቅጂም ነበረ፣ ግን ተውኩት፤ ቀለሙ ኋላ የተጨመረ መሰለኝ፣ የቀራጩንም ጥበብ ይሸፍናል።

መስኮት ፊት ለፊት ሰቅዬው ነበር፤ ፀሐይ ወረቀት እንደምታበላሽ ስሰማ ወደ ጨለማው መተላለፊያ አዛወርኩት። ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ የመጡት አባቴ እዚያው ቆመው መነጽራቸውን አስተካከሉ። በወታደሩ ደረት ላይ የተንጠለጠሉትን የባሩድ ጠርሙሶች አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ከዚያ በጣቱ የያዘውን ገመድ ተከተሉ።

«በሁለት በኩል ነው የሚነደው!» አሉኝ። «ልጄ፣ ይህ ሰው ባሩድ ታጥቆ እሳት ይዟል እኮ!»