ደረሰኝ ይቆረጥላቸው

ሥራዬ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ማዘጋጀት ነው። ሥዕል እረከባለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ እሰቅላለሁ፣ ሲሸጥም ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ይህ ገጠመኝ የሆነው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አካል ጉዳተኛ ሠዓሊያንና ሸክላ ሠሪዎች ሥራቸውን ባቀረቡበት የሰፈር ዐውደ ርዕይ ላይ ነው። ጊዜውን ከኅዳር 24 ጋር አያይዘነው ነበር። ዕለቱ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1992 ከወሰነ ወዲህ የዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን ሆኖ ይከበራል።

አዳራሹ መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ አለው። ከፍታው ሲደመር 45 ሴንቲ ሜትር ነው። አናጺው «ሁለት ሜትር መወጣጫ ይበቃል» አለ። አይበቃም። እንዲያ ባለ ዳገት ላይ ዊልቸር የሚገፋ ሰው ላብ በላብ ይሆናል፤ ብቻውን የመጣ ደግሞ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። የተለመደው ልክ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው። ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 አሠራን። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ያዛል። ስንቱ አዳራሽ ግን ዛሬም በደረጃ ብቻ ነው የሚገባው! ይህ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል።

ከሠዓሊዎቹ አንዱ እጆቹ አይታዘዙለትም። የሚሥለው በአፉ ነው። የብሩሹን እጀታ በቀጭን ዘንግ አስረዝሞታል። የሚነክሰው ጫፍ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ፕላስተሩ ላይ የጥርሱ ምልክት ይታያል። ትልቁ ሥዕሉ ዝናብ ላይ የቆመ የታክሲ ሰልፍ ነው። አንድም ፊት የለበትም። ያለው ከወገብ እስከ ጉልበት ነው። ፌስታል የጨበጡ እጆች፣ የረጠበ የነጠላ ጥለት፣ የተሰበረ የጃንጥላ ሽቦ፣ የእናቱን ቀሚስ የጨመደደ ልጅ። ዊልቸር ላይ ለተቀመጠ ሰው ሰልፉ የሚታየው እንዲህ ነው።

እኛ ስንሰቅል የሥዕሉን መሐል ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ እናደርጋለን። ለቆመ ሰው ዓይን እንዲመች ነው። እሱ ግን «1 ሜትር ከ15 ይሁንልኝ» አለ።

«ታዲያ ሰዉ ሊያጎነብስ ነው?» አለ ባልደረባዬ።

«ያጎንብሳ!»

ባለው ልክ ሰቀልነው።

የመክፈቻው ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ደግ ሰው መሆናቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ሠዓሊውን ሲያዩ «እኔን ልጄ!» አሉ። 500 ብር አውጥተው የደረት ኪሱ ውስጥ ከተቱለት። «እግዜር ይማርህ» ብለውም ወደ በሩ ዞሩ። ሥዕሉ አጠገባቸው ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

እኔ የምለው ጠፋኝ። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራቸው።

«አባባ፣ የገዙትን ሳይወስዱ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የሰልፉ ፖስት ካርድ 150 ነው። አንድ ስጣቸው፣ 350 መልስላቸው። ደረሰኝ ይቆረጥላቸው።»

«ኧረ መልሱን ተወው ልጄ፣ ለነፍሴ ብዬ ነው» አሉ።

«ለነፍስዎማ ሌላ ቦታ ይሰጣሉ አባባ። እኔ እዚህ ሥራ ላይ ነኝ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሽማግሌው ካርዱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ካርዱን እያዩ ቆዩና ዋናውን ሥዕል ፈለጉት። አጎነበሱ። «ጃንጥላውን ለምን ሰበርከው?» አሉት። ከዚያ በኋላ ያወሩት ስለ ሥዕሉ ብቻ ነው። ስለ እጁ አንዲት ቃል አላነሱም።

አዳራሹን የሰጠን መሥሪያ ቤት በሩ አጠገብ የእርዳታ ሣጥን አስቀምጦ ነበር። ያን ዕለት ማታ ሠዓሊዎቹን ጠየቅናቸውና ሣጥኑን አነሳነው። በቦታው የዋጋ ዝርዝር ለጠፍን፤ የሠዓሊው ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ መጠኑ፣ ዋጋው። ከሥዕሎቹ ሥር ስለየሰው ጉዳት የሚያትት ጽሑፍም ነበር። አብዛኞቹ ይነሳልን አሉ፣ ተነሳላቸው። አንዲት መስማት የተሳናት ሸክላ ሠሪ ግን የእሷ እንዲቆይ ፈለገች። ቆየ። የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

እርዳታን ማጣጣሌ አይደለም። ዊልቸር ውድ ነው፣ ቀለምም እንደዚያው። ነገር ግን የሚያዝን ሰው ሰጥቶ ቶሎ ይወጣል። ሥዕል ደግሞ ቆም ብሎ የሚያየው ይፈልጋል። አሁን የትኛውንም ዐውደ ርዕይ ሳዘጋጅ የዋጋ ዝርዝሩ በሩ ላይ ካልተለጠፈ አልከፍትም።

የታክሲ ሰልፉ የተሸጠው በመዝጊያው ዋዜማ ነው። ገዢዋ አንድ ቀን አይታው ሄዳ ተመልሳ የመጣች ናት። አጥብቃ ተከራከረችው። «ክፈፉ እኮ ተራ ነው» አለችው።

«ክፈፉን ትቀይሪዋለሽ። የሥዕሉ ዋጋ ግን ያው ነው» አላት።

በመጨረሻ እሷ ዋጋውን ተቀበለች፣ እሱ ማጓጓዣውን ቻለ።