ማካሮቩን ልግዛው ወይስ ይቅር?

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሐበሻ ሲገናኝ የማያወራው ነገር የለም። የቤት ዋጋ፣ የልጆች ትምህርት፣ የአገር ጉዳይ፣ የማን ሠርግ መቼ እንደሆነ። ሽጉጥ ግን አይነሳም። ያለው ሰው አለኝ አይልም፤ የሌለውም አይጠይቅም። እኔም ለማንም ስላላወራሁ እዚህ ልጻፈው ብያለሁ። ሰሞኑን ማካሮቭ የሚባል አንድ ሽጉጥ ልቤን አንጠልጥሎታል።

ቡልጋሪያ የተሠራ ነው። ያገለገለ መሣሪያ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ መስታወት ስር ተቀምጧል። ዋጋው 450 ዶላር። ጎኑ ላይ በድርብ ክብ ውስጥ 10 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል። ይህ ካዛንላክ የሚገኘው የአርሰናል ፋብሪካ ምልክት ነው። ቀለሙ ጫፍ ጫፉ ላይ ለቋል፤ ማኅደር ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የኖረ ይመስላል። ውስጡ ግን ንጹሕ ነው። ሻጩ ፈታ አድርጎ ሲያሳየኝ የአፈሙዙ ጥምዝምዝ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

ማታ 4 ሰዓት ላይ የመጠጥ ሱቅ ዘግቼ የምወጣ ሰው ነኝ። በቅርቡ ከጎናችን ያለውን ሱቅ መስታወት ሰብረው ገብተውበታል። ለባለቤቴ የነገርኳት ምክንያት ይኼ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ነው። ለመከላከያ ብቻ ቢሆን ማካሮቩ ጋ ምን አስቆመኝ? እዚያው መስታወት ስር፣ አጠገቡ፣ ግሎክ 19 የሚባል ሌላ ያገለገለ ሽጉጥ አለ። የዋጋ ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሌላው ግማሽ አጎቴ ነው። ለእኛ ዕድሜ ልጆች ማካሮቭ ማለት መኮንን ማለት ነበር። በፈረንጆቹ ከ1977 ጀምሮ ሶቭየት ኅብረት ለደርግ መሣሪያ ስታጎርፍ ክላሹን ወታደሩ ያዘው፣ ማካሮቩን መኮንኑ ታጠቀው። አጎቴ ሻምበል ነበር። ለፈቃድ ሲመጣ በሩ ላይ እንደቆመ ካዝናውን አውጥቶ ኪሱ ይከታል፤ ሽጉጡን ቁም ሳጥን አናት ላይ ያስቀምጠዋል። እናቴ እሱ እስኪሄድ ድረስ በቁም ሳጥኑ በኩል አታልፍም ነበር። እኛ ልጆቹ ደግሞ ዓይናችንን ከዚያ አንነቅልም። ግንቦት 1983 ላይ ሠራዊቱ ሲበተን እንደ ሌሎቹ አስረክቦ ወደ ቤቱ ገባ። ስንቱ ወታደር በዚያ ሰሞን መሣሪያውን ለመሳፈሪያና ለዳቦ እንደሸጠ የሚያስታውስ ያስታውሳል።

እሺ፣ ትዝታው ይቆይ። ዕቃው እንደ ዕቃ ምን ያህል ነው?

ኒኮላይ ማካሮቭ ይህንን ሽጉጥ የሠራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የሶቭየት ጦር በፈረንጆቹ 1951 ተቀበለውና ቀስ በቀስ የቀድሞውን ሽጉጥ፣ ቶካሬቭን፣ ተካው። የጀርመኑን ዋልተር ፒፒ ሽጉጥ የሚያውቅ ሰው ዝምድናቸው ወዲያው ይገባዋል። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስትተኩስ አይንቀሳቀስም። የመመለሻው ሞላ አፈሙዙ ላይ ተጠምጥሟል። እኔን ግን የማረከችኝ እጀታው ውስጥ ያለችው ጠፍጣፋ ሞላ ናት። መዶሻውን የምትገፋው እሷ ናት፣ ምላጩን የምትመልሰው እሷ ናት፣ ታችኛው ጫፏ ደግሞ ታጥፎ ካዝናውን ይዞ ያስቀምጣል። ልክ እንደ አንዳንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤት፦ ታበስላለች፣ ታስተናግዳለች፣ ሒሳብም ትቀበላለች። ቁርጥራጩ ትንሽ የሆነ ሽጉጥ የሚበላሽበትም ነገር ትንሽ ነው።

አፈታቱም ቀላል ነው። የምላጩን ቀለበት ወደ ታች ሳብ ታደርጋለህ፤ ስላይዱን፣ ማለትም የላይኛውን ተንሸራታች ብረት፣ ወደ ኋላ ስበህ ቀና ታደርገዋለህ። አለቀ። ምላጭ መሳብ የለም። ግሎክ ግን ለመፍታት ምላጩን መሳብ ግድ ይላል። ውስጡ ጥይት አለመቅረቱን ደጋግሞ ያላየ ሰው እዚህ ላይ ነው ራሱን የሚያቆስለው። ማካሮቭ በግራ ጎኑ ወደ ላይ የምትገፋ ሴፍቲ፣ ማለትም ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የምትቆልፍ ቁልፍ፣ አለችው፤ ስትዘጋት የተነሳውን መዶሻ ራሷ ታወርደዋለች። ግሎክ ሴፍቲው ምላጩ ላይና ውስጡ ነው፤ በተለመደው ሞዴል በአውራ ጣት የምትዘጋው ነገር የለም። እንደ እኔ ላለ ፈሪ ይኼ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ጉድለቱስ? ማነጣጠሪያው ትንሽ ነው፤ መነጽር ለጀመረ ዓይን ፈተና ነው። ካዝናውን ለመልቀቅ ከእጀታው ታች ያለውን መያዣ በሌላኛው እጅ መግፋት አለብህ፤ በአውራ ጣት ጠቅ ማድረግ የለመደ ሰው ይናደዳል። ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም ሁለንተናው ብረት ስለሆነ ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል። የሚይዘው 8 ጥይት ነው። ግሎክ 19 በተፈጥሮው 15 ይይዛል፤ ነገር ግን ሜሪላንድ ውስጥ ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ ክልክል ስለሆነ እዚህ በ10 ነው የሚሸጠው። ስለዚህ የሁለት ጥይት ብልጫ ነው። ሁለት ጥይት የሚያስጨንቀው የሱቅ ሠራተኛ ሥራ ቢቀይር ይሻለዋል።

ዋናው ጣጣ ጥይቱ ነው። ማካሮቭ የሚበላው 9 በ18 የሚባለውን ጥይት ነው (በሚሊ ሜትር፣ በግምት ውፍረቱና የቀለሁ ርዝመት)። በየሱቁ የተከመረው 9 በ19 አይገባበትም፤ የማካሮቩ እርሳስ በሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። ጉልበቱም ያንሳል፤ 380 ከሚባለው አነስተኛ የሽጉጥ ጥይት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ድሮ ርካሽ የነበረው የሩሲያ ጥይት ስለነበረ ነው። አሜሪካ በሩሲያዊው ተቃዋሚ ፖለቲከኛ በናቫልኒ መመረዝ ምክንያት በሩሲያ ላይ ማዕቀብ ስትጥል ከመስከረም 2021 ጀምሮ አዲስ የሩሲያ ጥይት ማስገቢያ ፈቃድ ቆመ። ከዚያ ወዲህ 9 በ18 እንደልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ከተራው ዘጠኝ ሚሊ ሜትር በግልጽ ይወደዳል። ሽጉጥ ገዝቶ የማይለማመድ ሰው ደግሞ ባይገዛ ይሻላል። ስለዚህ 450 ዶላሩ መግቢያ ብቻ ነው። ወጪው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ "እዚያ እኮ እንደ ዳቦ ይሸጣል" ይሉኛል። ግዛቱ ይለያያል። ሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት መጀመሪያ የብቃት ፈቃድ ያስፈልጋል፦ ዕድሜ 21፣ አሻራ፣ የ4 ሰዓት ሥልጠና፣ 50 ዶላር ማመልከቻ። ሥልጠናው ላይ አንድ እውነተኛ ጥይት በሥርዓት ከተኮስክ ይበቃል። አንድ! እኔ አሻራውንም ሥልጠናውንም ጨርሼ ካርዱ መጥቶልኛል፤ 10 ዓመት ይሠራል። ከገዛህ በኋላ ደግሞ ዕቃውን ሳትነካ 7 ቀን ትጠብቃለህ። ያም ሆኖ ካርዱ መግዣ እንጂ መታጠቂያ አይደለም። ወገብህ ላይ አድርገህ ለመውጣት ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ የ16 ሰዓት ሥልጠና አለ። ማለትም ማታ ሱቅ ዘግቼ ወደ መኪናዬ ስሄድ ሽጉጡ ቤት ነው። ለባለቤቴ የነገርኳት ምክንያት እዚህ ጋ ትንሽ ተንገዳገደ።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል፤ ለእኛ ሰው ይጠቅማል። ስትገዛ የምትሞላው የፌዴራል ቅጽ ሕገ ወጥ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እዚህ አገር በጥብቅ ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በርጫ የሚቀመጥ ወንድሜ ቅጹን "አይ" ብሎ ከመፈረሙ በፊት ያስብበት። በውሸት መፈረም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ሱቁ ከጀርባው የተኩስ ቦታ አለው። ያገለገለ ሽጉጥ ለመግዛት ያሰበ ሰው እንዲሞክር ይፈቅዳሉ። ማካሮቩን ስይዘው እጄ ላይ ሙልት አለ። አጎቴ ለምን እንደዚያ ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደነበር የገባኝ መሰለኝ። የመጀመሪያዋ ጥይት ግን ምላጩ ረጅምና ከባድ ነው፤ ስስበው አፈሙዙ አጎነበሰና ወደ ግራ ታች መታሁ። ከሁለተኛዋ ጀምሮ መዶሻው ተነስቶ ስለሚጠብቅ ምላጩ ይቀልላል፤ ኢላማዬም ተሰበሰበ። ጥይቱ ደካማ ነው ብዬ የጠበቅሁትን ያህል ለስላሳ አልነበረም፤ ይራገጣል። አፈሙዙ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ግፊቱን የሚይዙት የስላይዱ ክብደትና ሞላው ብቻ ናቸው፤ የተረፈው መዳፍህ ላይ ያርፋል።

ቀጥሎ ግሎኩን ሞከርኩት። ምንም ስሜት አልሰጠኝም። እንደ ሥራ መሣሪያ ነው። ግን ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ምላጩ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥይቶቼም አንድ ቦታ ተሰበሰቡ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ክርክር አያስፈልግም ነበር። በዚህ ዋጋ ለመከላከያ የሚገዛ ሰው ማካሮቭ መግዛት የለበትም። ለስብስብ የሚገዛ ሰው ግን ይግዛው፤ ንጹሕ ማካሮቭ እየቀነሰ እንጂ እየበዛ አይሄድም። ምሥራቅ ጀርመን የተሠራውን ማካሮቭ ያገኘ ደግሞ አይልቀቀው፤ አጨራረሱ ከሁሉም ይበልጣል ይባላል፣ እኔም አይቼ አምኛለሁ።

ችግሩ እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያለኝ አባት ነኝ።

ባለቤቴ ስነግራት አልጮኸችም። "የት ነው የምታስቀምጠው?" ብቻ አለችኝ። የሚቆለፍ የብረት ሳጥን፣ ጥይቱ ለብቻ፣ ቁልፉ እኔ ጋ። "እሺ፣ ሌሊት ሌባ ሲገባስ?" አለች። መልስ የለኝም። ከልጅ በደንብ የተቆለፈ ሽጉጥ ለሌባ አይደርስም፤ ለሌባ የሚደርሰው ደግሞ ለልጅም ይደርሳል። ፈጣን ነው የሚባል በጣት አሻራ የሚከፈት ሳጥን አለ፤ ጥሩው ግን ከሽጉጡ ዋጋ ብዙም አይርቅም። የሜሪላንድ ሕግም ከ2023 ወዲህ ጠብቋል፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መተው ያስጠይቃል።

ይህንን ሳነብ ነው አንድ ቁጥር ላይ የቆምኩት። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ የሞቱት 48,830 ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ። እኔ የማስበው ስለሚገባው ሌባ ነበር። ቤት ውስጥ ስላለነው ስለ እኛ አላሰብኩም። በእኛ ሰው ዘንድ ይህ ነገር አይወራም፤ ለቅሶ ቤት ስንሄድ "በድንገት ነው" ይባላል፣ ራሳችንን ነቅንቀን ቡና እንጠጣለን። ልጄ ደህና ልጅ ነው። ይስቃል፣ ኳስ ይጫወታል። ዘንድሮ ግን ክፍሉን ዘግቶ የሚቀመጥበት ሰዓት በዝቷል። የዕድሜው ጠባይ ይሆናል። ይሆናል ብዬ ግን መወራረድ አልፈልግም።

ለአጎቴ ደወልኩ። አሁን አዲስ አበባ ነው፤ ዕድሜው ገፍቷል፣ ጆሮው ትንሽ ከብዶታል። "ጋሼ፣ ማካሮቭ ልገዛ ነው" ስለው መጀመሪያ መኪና መሰለው። ሲገባው ሳቀ። "በል ንገረኝ፣ ስንት ነው አሁን?" አለኝ። ዋጋውን ስነግረው ወደ ብር መንዝሮት ደነገጠ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ። ከልምምድ ሜዳ ውጭ አንድም ጊዜ አልተኮሰበትም። "ግንባር ላይ የሚያስፈልግህ ክላሽ ነው ልጄ። ማካሮቩ መኮንን መሆንህን ለማሳየት ነው። ወገቤን ሲያሳምመኝ ነው የኖረው።" ቁም ሳጥኑንስ? ብዬ ጠየቅሁት። ሌሊት ሌሊት እየተነሳ እኛ እንዳልነካነው ያይ እንደነበር ነገረኝ። "እንቅልፍ የምተኛው ወደ ጦር ክፍሌ ስመለስ ነበር" አለኝ።

በሚቀጥለው ቀን ሱቁ ሄጄ ይቅርብኝ አልኩ። ግሎኩንም አልወሰድኩም፤ ማካሮቩን ያስተወኝ ነገር እሱንም ያስተዋል። የምሠራበት ሱቅ ባለቤት መስኮቱ ላይ የሚጠቀለል የብረት መዝጊያ እንዲያስገባ እየነዘነዝኩት ነው፤ ዋጋ እያጠያየቀ ነው። ማታም ብቻዬን መዝጋት ትቼ ከአንድ ልጅ ጋር አብረን እንድንወጣ ተስማምተናል።

ሻጩ አልከፋውም። ማካሮቩን ወደ መስታወቱ ስር እየመለሰ "ይህን ብዙ ሰው ያየዋል፤ የሚገዛው ጡረተኛ ነው" አለኝ። ጡረታ ስወጣ እናያለን አልኩት። ያኔ ልጁም ከቤት ወጥቷል።