መጀመሪያ «የት?» ነው

ሰሞኑን ማታ ማታ የምሠራው ለሕክምና ተማሪዎች የሚሆን የኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና) ትምህርት ነው። በኢንተርኔት የሚለቀቅ፣ አጫጭር ቪዲዮ፣ ሥዕልና ጥያቄ ያለበት። የፊት ነርቭን ክፍል ዛሬ ጨረስኩ። ሐሳቤ ሳይበተን ልጻፈው ብዬ ነው።

የሕክምና ተማሪ ኒውሮሎጂን ይፈራል። የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ አገር ነገር አይደለም። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ራልፍ ጆዜፎዊትዝ ይህንን ፍርሃት እ.ኤ.አ. በ1994 «ኒውሮፎቢያ» ብሎ ጻፈበት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች አጥንተውታል። ልብንና ሳንባን ያለ ጭንቀት የተማረ ልጅ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ላይ ሲደርስ እጁን ይሰጣል። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ የትምህርቱ ክብደት ብቻ አይደለም። አናቶሚው ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሸመደዳል፣ ፈተና ያልፋል፣ ይረሳል። በሽተኛው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ስለዚህ እኔ ከበሽተኛው ነው የምጀምረው። መጀመሪያ የማስጠይቀውም «ጉዳቱ የት ነው?» የሚለውን ነው። የፊት ነርቭ ክፍል የሚከፈተው ጠዋት ስትነሳ አፏ ወደ ግራ የተጣመመ ሴት በማሳየት ነው። ቀኝ ጉንጯ ወርዷል። ሐኪሙ «እስቲ ቅንድብሽን ወደ ላይ አንሺ» ይላታል። እዚህ ላይ ቪዲዮው ይቆማል። ተማሪው ግንባሯ ሲጨማደድና ሳይጨማደድ ምን ማለት እንደሆነ መልስ ካልጻፈ በቀር አይቀጥልም።

የግንባር ጡንቻዎችን የሚያዝዘው የነርቭ ማዕከል ትእዛዝ የሚደርሰው ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ነው። የታችኛው ፊት ግን በዋናነት የሚታዘዘው በተቃራኒው ወገን ነው። ስለዚህ ስትሮክ ግራውን አንጎል ቢመታ ቀኝ አፏ ይወድቃል፣ ግንባሯ ግን ይንቀሳቀሳል። ጉዳቱ ነርቩ ራሱ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቤልስ ፓልሲ በሚባለው ድንገተኛ የፊት ነርቭ መድከም፣ ግንባሩም ልስልስ ይላል፣ ዓይኗም አልከደን ይላል። ልዩነቱ ቀላል ነገር አይደለም። ለስትሮክ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ለቤልስ ፓልሲ ደግሞ ብግነት የሚቀንሰውን ስቴሮይድ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር፣ ዓይንንም እንዳይደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ግን በዚህ ብቻ ብዘጋው ተማሪውን አሳስተው ነበር። ፖንስ (የአንጎል ግንድ መካከለኛ ክፍል) ላይ የነርቩ መነሻ ከተመታም ሙሉው ፊት ይወድቃል። ስለዚህ ጉዳቱ የት እንደሆነ የሚለዩ ሌሎች ጥያቄዎች ጨመርኩ፦ ዓይኗ ወደ ውጭ ይዞራል? እጅና እግሯስ? ጆሮዋ አካባቢ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ አለ? ግንባርን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሐኪም እንዲወጣልኝ አልፈልግም።

ክፍሉን አስቀድማ የሞከረችው ተማሪ «ዶክተር፣ መልሱን ወዲያው ለምን አያሳዩንም? ጊዜ ይፈጃል እኮ» አለችኝ። ልክ ናት፣ ይፈጃል። ግን ሰው አስቦ፣ ፈልጎ፣ ከራሱ ጭንቅላት ያወጣውን ነገር ከሰጡት ይልቅ ይይዛል። ይህ በትምህርት ጥናት ደጋግሞ የታየ ነው። እኔም አልለውጠውም።

ሕብለ ሰረሰሩን ለመሥራት ግን ብዙ ለፋሁ። ሥዕሉ ላይ ሁሉም የነርቭ መስመሮች አንድ ላይ ሲታዩ ማንም አይገባውም። ስለዚህ አንድ በአንድ አደረግኩት። ሕመምና ሙቀት የሚሸከመው መስመር ሕብለ ሰረሰሩ ውስጥ ከገባ ብዙም ሳይርቅ ወደ ማዶ ይሻገራል። ንዝረትና የመገጣጠሚያ አቀማመጥ የሚነግረን ግን በገባበት ጎን ሽቅብ ሄዶ ሜዱላ (የአንጎል ግንድ ታችኛ ክፍል) ላይ ነው የሚሻገረው። ከላይ የሚወርደው የእንቅስቃሴ ትእዛዝም በአብዛኛው እዚያው ሜዱላ ላይ ይሻገራል። አሁን ተማሪው በጣቱ የሕብለ ሰረሰሩን ቀኝ ግማሽ ይቆርጣል። ቀኝ እግር ይደክማል፣ ንዝረትም አይሰማውም። የመርፌ ውጋት የማይሰማው ግን ግራ እግር ነው። ሐኪሙ ብራውን ሴካር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የገለጸው ይህንኑ ነው። ተማሪው ስሙን የሚያየው ራሱ ከቆረጠና ራሱ ከደረሰበት በኋላ ነው።

መስመሮቹን በቀይና በአረንጓዴ ብቻ አልለየሁም። ሁለቱን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። አንዱን ድፍን፣ አንዱን ቁርጥርጥ አድርጌዋለሁ።

«የት?» ከተመለሰ «በሽታው ምንድን ነው?» የሚለውን ብዙ ጊዜ ምልክቱ የመጣበት ፍጥነት ይመልሰዋል። ድንገት ከመጣ የደም ሥር፣ በቀናት ከመጣ ብግነት ወይም ኢንፌክሽን፣ በወራት ከመጣ እጢ ወይም ቀስ እያለ የሚያመነምን በሽታ አስብ ማለት ነው። ሁሌ ባይሠራም መነሻ ይሆናል።

በጣም የማስብበት የእውነተኛ በሽተኞች ቪዲዮ ነው። የፊት መጣመሙን ፈቃደኛ ሰው አስመስሎ ሠርቶልኛል። የባቢንስኪን ምልክት ግን ማን አስመስሎ ይሠራል? የእግር መዳፍ ውጫዊ ጠርዝ ሲጫር አውራ ጣት ወደ ላይ ስትነሳ፣ ያቺ ቀስ ያለች አነሳስ ካልታየች አትለመድም። የፓርኪንሰን አካሄድም እንደዚያው። ብዙ ቪዲዮ በሽተኛው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያሳይና ይቆረጣል። ዋናው ነገር ያለው መዞሪያው ላይ ነው። እኛ ባንድ ሁለት እርምጃ የምንዞረውን እሱ በብዙ ትንንሽ እርምጃ፣ ሰውነቱን እንዳለ አንድ ላይ ይዞ ይዞራል። አንዱ እጁ አይወዛወዝም። እኔ መዞሪያውን አልቆርጥም፤ ቪዲዮው ይርዘም።

በሽተኛውን ስናስፈቅድ በግልጽ መናገር አለብን። ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር ተመልሶ አይሰበሰብም። ይህን ሰምቶ «ይቅርብኝ» ያለ ሰው ሕክምናው በምንም እንደማይጓደል ማወቅ አለበት። ለዚህ ፊርማ ብቻ በቂ አይመስለኝም። ቤተሰቡ ጋር ተማክሮ፣ አድሮ ይመለስ።

የነርቭ ምላሽ የሚፈተሽበትን መዶሻ መያዝን ስክሪን አያስተምርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ የቤት ሥራ አለው። አንጓህን ላላ አድርገህ የጓደኛህን ጉልበት ምታ፣ ኤል 3 እና ኤል 4 የሚባሉትን ከወገብ የሚወጡ ነርቮች ነው የምትፈትሸው። ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ከእነሱ በታች ያለውን ኤስ 1። የእግሩ ምላሽ ካልመጣልህ ጓደኛህ የሁለት እጁን ጣቶች አቆላልፎ ይሳብ፣ በዚያው ቅጽበት ድገመው።

ቀጥሎ የሚመጣው የንግግር መታወክ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከማለት በቀር መናገር የማይችለውን በሽተኛ ሪፖርት ካደረገ ጀምሮ ታሪኩ ይታወቃል። የምናገኛቸው የበሽተኞች የድምፅ ቅጂዎች ግን አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። የተሰበረ ዓረፍተ ነገር በባዕድ ቋንቋ ሰምቶ ምኑ እንደጎደለ መለየት ከባድ ነው። ተማሪው ነገ በሚያነጋግረው በሽተኛ ቋንቋ የተቀዳ ድምፅ ያስፈልገኛል። አንዲት የንግግር ቴራፒስት ልታግዘኝ ፈቃደኛ ሆናለች። ሐሙስ እንገናኝና የትኞቹን ጥያቄዎች እንደምንጠይቅ እንመርጣለን።