በማን ይቆጠር?

ዛሬ ልጄ ለሚጫወትበት ቡድን የዕረፍት ቀን ነው። ለአሜሪካ የኮሌጅ ቤዝቦል ሻምፒዮና የደረሱት ስምንት ቡድኖች በሁለት ምድብ ተከፍለው በየተራ ስለሚጫወቱ፣ አንዱ ምድብ ሜዳ ሲገባ ሌላው ያርፋል። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ከጠዋት ጀምረው ወደ መካነ አራዊቱ ሄደዋል፤ እኔ ደክሞኛል ብዬ ሆቴል ቀርቻለሁ። ነገሩ ግን ድካም አይደለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምክንያቱን በውል ያልለየሁት ቅሬታ ውስጤ አድሯል፤ ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ምናልባት መልኩ ይለይልኝ ይሆናል።

ለነገሩ ያለንባት የኔብራስካዋ ኦማሃ ሰው አኩርፎ የሚቀመጥባት ከተማ አይደለችም። የኮሌጅ ቤዝቦል ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ወደ ሌላ ስፍራ ሳይዛወር እዚሁ ስለሚካሄድ፣ ነዋሪው ጁን በመጣ ቁጥር የሚጫወት ልጅም የሚደግፈው ቡድንም ሳይኖረው ስታዲየሙን ይሞላል፤ ቡና የሚቀዳልን ሰው እንኳ ከየት እንደመጣን ጠይቆ መልካም ዕድል ይመኝልናል። 300 ገደማ ከሚሆኑት የአንደኛው ዲቪዚዮን ቡድኖች ለማጣሪያው የሚያልፉት 64 ሲሆኑ፣ እዚህ የሚደርሱት 8 ብቻ ናቸው። ስለዚህ 24 ሺህ ሰው የሚይዘውን ስታዲየም በር ስንሻገር ከወላጆቹ መካከል ዓይኑን ያልጠረገ ጥቂት ነበር። እኔ ልጁን ከትንሽነቱ ጀምሮ ከስቴት ወደ ስቴት ሳመላልስ የነዳጁንና የሆቴሉን ደረሰኝ በፋይል እያሰርኩ ያስቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ የሂሳብ ሠራተኛ ሌላ ምን ያውቃል። ለብዙ ዓመታት አንድ ቡድን የሚፈቀድለት 11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ እንደነበረና እርሱም ለብዙ ተጫዋቾች ይሸነሸን እንደነበር ስሰማ፣ ዜሮ ነጥብ ሰባቷ የየትኛው ልጅ ክፋይ እንደሆነች ለማወቅ ጓጉቼ ነበር። አሁን ሕጉ ተለውጧል፤ ጉጉቴ ግን አልተለወጠም።

የትናንቱ ነገር እንዲህ ነው። በሰባተኛው ዙር 6 ለ 2 እየመራን፣ ሁለት አውት ከተመዘገበ፣ ማለትም ከተጋጣሚያችን ሁለት መቺዎች ከተሰናበቱ በኋላ (ሦስተኛው ዙሩን ይዘጋል)፣ እጅግ ቀላል የሆነች ኳስ መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፑ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ወደሚቆመው ተከላካይ፣ ሄደች፤ ከጓንቱ ሥር አመለጠችው። ይዟት ወደ አንደኛው ቤዝ ቢወረውራት ኖሮ ዙሩ ያበቃ ነበር። ቀጣዩ መቺም ከወርዋሪው አራት የተበላሹ ኳሶች አግኝቶ በነፃ ቤዝ ላይ፣ ሯጮች በሚያርፉበት ማዕዘን፣ ቆመ። አሠልጣኙ ወጥቶ ኳሷን ከወርዋሪው እጅ ተቀበለና ተተኪ ወርዋሪዎች ወደሚያሟሙቁበት ወደ ቡልፔኑ ምልክት ሰጠ፤ በሩ ሲከፈት ብቅ ያለው የእኔ ልጅ ነበር። ሁለተኛዋ ውርወራው ተመታች። በዚያ ሜዳ ሆምራን፣ ማለትም ከአጥር ውጭ የምትወድቅና መቺውን ቤዝ ላይ ካሉት ሯጮች ጋር ለነጥብ የምታስገባ ምት፣ በቀላሉ አይገኝም፤ የመሃሉ አጥር 408 ጫማ ይርቃል፣ በዚህ ወር የሚነፍሰው ነፋስም ብዙ ጊዜ ኳሷን ወደ ውስጥ ይመልሳታል። ትናንት አልመለሳትም። ሦስት ሰው ገባ። ልጁ የሚቀጥለውን መቺ በሦስት ስትራይክ አሰናብቶ ወደ መቀመጫው ተመለሰ፤ ከእርሱ በኋላ ሌላ ወርዋሪ ተተካ።

ይህ ማንም ወላጅ ውጦት የሚያድር ሐዘን ነው። ቅሬታዬ የጀመረው ማታ የጨዋታውን መዝገብ ስከፍት ነው። ቤዝቦል ሁሉን ነገር የሚመዘግብ ጨዋታ በመሆኑ፣ የሜዳ ስህተት እንኳ በስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ ከነጥብና ከምት ቀጥሎ የራሱ ዓምድ አለው። ወርዋሪው ግን በዋናነት የሚለካው በእርሱ ጥፋት በገቡት ነጥቦች ነው። ከጓደኞቹ አንዱ ሲሳሳት፣ መዝጋቢው ስህተቱ ባይፈጸም ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያለ ዙሩን በሐሳቡ እንደገና ያጫውታል፤ በዚያ ስሌት መግባት ያልነበረበትን ነጥብ ከወርዋሪው ሂሳብ ላይ ያነሣለታል። በሙያዬ ብዙ መዝገብ አገላብጫለሁ፤ ይህን ያህል ርኅራኄ ያለው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ታዲያ ከልጄ በፊት የነበረው ወርዋሪ ቤዝ ላይ ትቷቸው የወጣው ሁለቱ ሯጮች ገብተው ሳለ፣ ዙሩ በሾርትስቶፑ እጅ ማብቃት ስለነበረበት አንዳቸውም አልተቆጠሩበትም። የሦስተኛው፣ ማለትም የራሱ የመቺው ነጥብ ግን በልጄ ላይ ተቆጥሯል። በደንቡ መሠረት በዙር መሃል የሚገባ ወርዋሪ፣ እርሱ ከመግባቱ በፊት ባመለጠ አውት ሊጠቀም አይችልም። ያው አንድ ነጥብ ለቡድኑ በጠቅላላ ሲመዘገብ በስህተት የመጣ ነው፤ በልጄ ስም ሲመዘገብ የራሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ የቡድኑ ድምርና የተጫዋቾቹ ድምር አይገጥሙም፤ ማንም አይደነግጥም። አንዱ ነጥብ በዘጠኝ ተባዝቶ፣ ልጁ ለወረወረው ለአንድ ሦስተኛ ዙር ሲካፈል፣ የትናንት ውጤቱ፣ ማለትም በዘጠኝ ዙር የሚታሰብበት ነጥብ (ሲያንስ ይሻላል)፣ 27.00 ይሆናል። ኳሷ ከሾርትስቶፑ ስታመልጥ ሜዳው ላይ የነበረው ወርዋሪ በዚያ ዙር ያለበት ዕዳ ዜሮ ነው።

የደንቡን ምክንያት አላጣሁትም። ልጁ የገባው ሁኔታውን ሁሉ አይቶ ነው፤ ኳሷንም የወረወራት እርሱ ነው። ዛሬ ቁርስ ላይ ይህንኑ አንስቼ ላጽናናው ስሞክር፣ ደንቡን ከእኔ በፊት ያውቀው ኖሯል። «አባዬ፣ ስላይደሯ አልወረደችም፤ ከፍ ብላ ቀረች፤ ሰውዬውም መታት» አለኝና እንቁላሉን መብላቱን ቀጠለ።

እኔ ግን አልቀጠልኩም። እዚህ አገር የምንኖር ወላጆች ሁላችንም አንዳንድ ያመለጠ አውት አለን። ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት ዲግሪ ተቀባይነት ቢያገኝ ኖሮ፣ ሌሊት ሌሊት የሰው መኪና ሳቆም ባላድር ኖሮ፣ ቋንቋው ቶሎ ቢገባልኝ ኖሮ እንላለን፤ ሰሚውም እንደዚያ መዝጋቢ ነገሩን በሐሳቡ እንደገና አጫውቶ ዕዳውን ያነሣልናል። ልጆቻችን የገቡት በዙሩ መሃል ነው። ለእነርሱ ያዘጋጀነው ቃል «ለአንተ ደግሞ ምን ጎደለህ?» የሚል ነው። ቤዝ ላይ ቆመው የጠበቋቸውን ሯጮች ማን እንደተዋቸው አንጠይቅም። የእኔ ልጅ ገና ትንሽ ሳለ የክሊኒኩን ደብዳቤ የሚያነብልኝ እርሱ ነበር፤ በረበሸ ጊዜ ትምህርት ቤት ስጠራ፣ መምህርቷ ስለ እርሱ የተናገረችውን ወቀሳ አንድ ቃል ሳይቀንስ የተረጎመልኝም እርሱ ነው። (አለመቀነሱን ያወቅሁት እንግሊዝኛዬ ከተሻሻለ በኋላ ነው፤ እኔ ብሆን እቀንስ ነበር።) ይህ ሁሉ በየትኛው ዓምድ ተጽፏል?

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አባቴ ትዝ አለኝ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ የእርሱም ቤት ሄደ፤ ኪራዩ የእኛ ማስተማሪያ ይሆናል ተብሎ የታሰበ አንድ ቤት ነበር። እስኪሞት ድረስ ዓረፍተ ነገሩ የሚጀምረው «ያ ቤት ባይወሰድ ኖሮ» በሚል ነበር፤ እኛም የሚገባውን ሁሉ እያነሣንለት ኖርን። ለእኔ ግን ስወድቅም ስነሣም ያለኝ «አንተን ምን ነካህ?» ነው። እንዲህ ከሆነ እኔም በዙሩ መሃል ገብቻለሁ ማለት ነው፤ በደንቡ መሠረት እስከ ዛሬ ሳቀርበው የኖርኩት ሰበብ ሁሉ አይያዝልኝም። አባቴስ ከዙሩ መጀመሪያ ነበረ? ከእርሱ በፊት የነበረው አያቴ ምን ትቶለት እንደሄደ የነገረኝ የለም። መዝጋቢው ዙሩን እንደገና ማጫወት የሚጀምረው ከየትኛው ሰው ነው?

ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የባሰ ነው። ሾርትስቶፑ ኳሷን ቢይዛት ኖሮ ዙሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ዙሩ ካበቃ ደግሞ አሠልጣኙ አይወጣም፣ የቡልፔኑ በር አይከፈትም፣ የእኔ ልጅ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንዲት ኳስ አይወረውርም ነበር። የአባቴ ቤት ባይወረስም እንዲሁ ነው። እኔ የቤቱን ኪራይ እየሰበሰብኩ እኖር ነበር፤ አገር ጥዬ የምወጣበት ምክንያት አይኖርም፤ እናቱንም አላገኛትም። ስህተቱ ሲነሣ ልጁም አብሮ ይነሣል። ታዲያ የሰው ጥፋት ነው ብዬ ከሂሳቤ ላይ ላስወጣው የፈለግሁት የትኛውን ነው?

ልጁ 27.00ን ሲያይ ትከሻውን ነቀነቀ፤ አንድ ጥሩ ዙር ቢወረውር ቁጥሩ እንደሚወርድ ያውቃል። እኔ ግን የሆቴሉን የማስታወሻ ወረቀት በክፍልፋይ ሞልቼዋለሁ፤ ሁለት ንጹሕ ዙር ቢጨምር 3.86፣ ሦስት ቢጨምር 2.70 እያልኩ ነው የዋልኩት። እናቱ ደውላ እንዴት ናችሁ ስትለኝ ስለ ደንቡ ማስረዳት ጀምሬ፣ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ ይሁን እርሷ ትዝጋው ሳይለይ ስልኩ ጠፋ። አሁን የጻፍኩትን መለስ ብዬ ሳነበው፣ ከዚህ ሁሉ ወሬ መካከል ጨዋታውን ማን እንዳሸነፈ አልጻፍኩም።

እኛ ነን፤ 6 ለ 5።