አባይ ጣናን ሳይነካ ያልፋል? ውርርዱን ላሸንፍ ሄጄ ሆዴን ታምሜ ተመለስኩ

አባይ ጣና ውስጥ ሳይቀላቀል ያልፋል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሃይላንድ ይዛችሁ ወደ ወንዝ አትሩጡ። እኔ ሮጬ አይቼዋለሁ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር አንድ ሳምንት፣ የባጃጅ ብርና ሆዴን አተርፍ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ባህር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ዋርካ ስር፣ ቡና ላይ ነው። ሐምሌ 2011። እዚያ ቦታ የማንከራከርበት ነገር የለም። የጅብ ጾታ፣ የጨረቃ ጉዞ፣ ሙቅ ውሃ ጠጥቶ ብርድ ላይ መውጣት፣ ሁሉም ተራ ይደርሰዋል። የዚያን ቀን ተራው የአባይ ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው አዛውንት ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «አባይ ከሰከላ ይነሳል፤ ጣናን መሃል ለመሃል ይሰነጥቃል፤ ጠብታ ሳይሰጥ ጠብታ ሳይወስድ እዚህ በኩል ይወጣል» አሉ።

«ውሃ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዴት አይቀላቀልም ጋሼ?» አልኩ።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል አልሰማህም? ማደሪያ የሌለው ጣና ላይ ምን ሊሠራ ያድራል?»

«እሱ ተረት ነው።»

«አንተስ አይተሃል?»

አላየሁም። ጓደኞቼ ሳቁ። ውርርዱ እዚያው ተቆረጠ፤ የተሸነፈ ለአምስታችንም አሳ ጥብስ ይጋብዛል።

ለጋሼ ፍትሐዊ ልሁን። ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ጄሮኒሞ ሎቦ የሚባል ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። እሱም አባይ ሐይቁን ሲያቋርጥ ውሃው ተለይቶ ይታያል ብሎ ጽፏል። መሠረት የሌለው ወሬም አይደለም። ክረምት ላይ ግልገል አባይ፣ ማለትም ከሰከላ ተነስቶ ጣና የሚገባው ወንዝ፣ ቀይ አፈሩን ይዞ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ፣ አፉ ላይ ጭቃው ተለይቶ ይታያል። ያንን ያየ ሰው እስከ ባህር ዳር ድረስ እንዲያ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ወንዙ ሳይቀላቀል የሚያልፍ ከሆነ የገባውና የወጣው ውሃ አንድ መምሰል አለበት። ከወንዙ፣ ከሐይቁና ከመውጫው ቀድቼ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አለቀ።

ፍልሰታ እንደተፈታ በሚኒባስ መራዊን አልፌ ግልገል አባይ ዳር ወዳለችው ወተት አባይ ከተማ ወረድኩ። ድልድዩ አጠገብ ካለው ዳርቻ ሁለት ሃይላንድ ሞላሁ። ውሃው ሻይ በወተት ነው የሚመስለው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ባህር ዳር ውሃ አለቀ እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ በጀልባ ወደ ዘጌ። መሃል ላይ ሁለት ቀዳሁ። ጀልባ ነጂው ውሃው ላይ የተዘረጋ ነጭ የአረፋ መስመር አሳየኝና «ያውልህ፣ አባይ የሚያልፈው በዚህ ነው» አለ። ለጊዜው ደነገጥኩ። ከሰዓት ስንመለስ ንፋሱ ዞሯል፤ መስመሩም አብሮት ዞሯል። ሐይቅ ላይ ንፋስ ሲነፍስ አረፋና ቆሻሻ በመስመር መስመር ይሰበስባል፤ የየትም አገር ሐይቅ እንዲሁ ነው። ጀልባ ነጂው ግን አልተረበሸም። «አባይም ይዞራላ» አለኝ።

መውጫው ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀዳሁ። እዚያ ጉማሬ አለ፣ ዳር ዳሩን በባዶ እግር መቆምም ቢልሃርዚያ ያስይዛል፤ ስለዚህ ከድንጋይ ላይ ሆኜ በባልዲ ጎተትኩ። ነጭ ሰሃንም በገመድ አስሬ አወረድኩ። ክንድ ያህል ወርዶ ጠፋ። ወተት አባይ ላይ ያው ሰሃን ሦስት ጣት ሳይሞላ ነበር የጠፋው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። አስተማሪው ጓደኛችን «ሰሃን ማስረጃ አይሆንም፤ ላብራቶሪ ይለካልህና ቁጥር ይዘህ ና» አለ። እኔም ቁጥር አማረኝ።

ውሃ የሚለካ ላብራቶሪ ያለው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙን ተዉት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስድስቱን ሃይላንድ በፌስታል ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ። ጥበቃው ፌስታሉን ከፈተ።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው፤ ላስመረምር።»

«ውሃ ከሆነ ቅመሰው።»

ይህን ሕግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቤንዚን ወይም ሌላ ነገር እንዳይሆን ያዢው ይጎነጫል። ለታሸገ ውሃ ደህና ሕግ ነው። እኔ ግን የያዝኩት ግልገል አባይን ነው፤ የሰከላን፣ የዳንግላንና የመራዊን ማሳ አጥቦ የመጣውን። «ወንድሜ፣ ይሄ የሚመረመረው ንጹሕ ነው ወይ ለማለት እኮ ነው። ንጹሕ መሆኑን ባውቅማ ለምን እመጣለሁ?» አልኩ። «እሱን አላውቅም። ያልተቀመሰ ፈሳሽ አይገባም» አለ። ኃላፊ ይጠራልኝ አልኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከኋላዬ የተሰለፈች ሴትዮ «አንተ ልጅ፣ ቅመስና እለፍ፣ ሰዓት ሄደ» አለችኝ።

አሁን ድረስ የሚያናድደኝ ጥበቃው አይደለም። እሱ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። የሚያናድደኝ እኔ ነኝ። ዞሬ ቤቴ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። ከስድስቱ ሃይላንድ አንድ አንድ ጉንጭ ወሰድኩ። ትተፋዋለህ ትሉ ይሆናል። የመጀመሪያውን ልተፋ ስል «ዋጠው!» አለኝ።

ውስጥ ገባሁ። መዝገብ ቤት ላከኝ ወደ ሁለተኛ ፎቅ፤ ሁለተኛ ፎቅ መልሶ ላከኝ ወደ መዝገብ ቤት። በመጨረሻ አንዲት ባለሙያ አገኘሁ። ትሁት ናት፣ አልዋሽም። «የድጋፍ ደብዳቤ አለህ?» አለችኝ። ከየት? «ከሚመለከተው አካል።» የሚመለከተኝ አካል ማን ነው? አሰበች። «ተማሪ ከሆንክ ከትምህርት ቤትህ፣ ነጋዴ ከሆንክ ከድርጅትህ፣ ካልሆነ ከቀበሌ።»

ቀበሌ ሄድኩ። «ጉዳዩ ምንድን ነው?» ተባልኩ። አባይ ጣና ውስጥ ይቀላቀላል ወይስ አይቀላቀልም የሚለውን ለማጣራት ነው አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። እየቀለድኩበት መሰለው። ከዚያ «አይቀላቀልም እኮ» አለኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አንድ ቀን ማህተሙ የለም፤ አንድ ቀን ማህተሙ አለ፣ የሚፈርም የለም። በአራተኛው ቀን «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ይዤ ተመለስኩ። ጥበቃው ተቀይሯል። አዲሱም «ቅመስ» አለኝ። ቀመስኩ። ምን እላለሁ? አንዴ ጀምሬዋለሁ።

ባለሙያዋ ደብዳቤውን አይታ ራሷን ነቀነቀች። የሃይላንድ ውሃ አይለካም፤ በእነሱ ዕቃ፣ በሕጉ መሠረት ተቀድቶ ወዲያው መምጣት አለበት። ያ ሁሉ ቀን ቤት የቆየ ውሃ ዋጋ የለውም። ትክክል ናት። ግን ይህን በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

የመጨረሻውን ጥፋት የሠራሁት ራሴ ነኝ። በንዴት ፌስታሉን ባጃጅ ውስጥ ወርውሬ ስመለስ ጭቃው ሁሉ ተናወጠ፤ በወረቀት የለጠፍኩት ምልክትም ረጥቦ ተላቀቀ። የወንዙን በመልኩ ለየሁት። የሐይቁንና የመውጫውን ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባይና ጣናን የቀላቀልኩት እኔ ነኝ።

ሳምንት አልፎ ሆዴ መጮህ ጀመረ። ሰገራ ምርመራ፣ ጃርዲያ። ሜትሮኒዳዞል ታዘዘልኝ።

መስከረም ላይ፣ ዓመቱ በተለወጠ በሳምንቱ፣ ሃይላንዶቹን ይዤ ዋርካው ስር ተገኘሁ። ጭቃው ረግቷል። ከወንዙ ሃይላንድ ስር ጣት የሚሞላ አፈር ተኝቷል፤ በሌሎቹ ስር ቅጠል የምታህል ስስ ነገር ናት ያለችው። በድል ስሜት ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ጋሼ አንድ በአንድ እያነሱ ለፀሐይ አዩአቸው።

«ታዲያ ጭቃውን ጥሎ አለፈ እንጂ መቼ ተቀላቀለ?»

ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው። ወንዞቹ የሚያመጡት አፈር አብዛኛው ጣና ውስጥ ይቀራል፤ አፈሩ መቅረቱ ግን ውሃው ተቀላቅሏል ማለት አይደለም። ያ ሁሉ ልፋት ያልተጠየቅኩትን ጥያቄ ለመመለስ ነበር። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ከመለካታችሁ በፊት «ምን ባሳይዎት ያምናሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተማሪ ጓደኛዬ ሳይንስ በመለካት ይጀምራል ይላል። ቡና ላይ ግን በዚህ ጥያቄ ነው የሚጀመረው።

ያኔ ሃይላንዶቹን ወደ ጎን ገፋኋቸውና ወሬ ብቻ ጀመርኩ። ርብም፣ ጉማራም፣ መገጭም ጣና ይገባሉ፤ ዝናቡም ራሱ ሐይቁ ላይ ይወርዳል፤ ያ ሁሉ ውሃ የተፈጥሮ መውጫው ግን ያው የአባይ በር ነው አልኩ። «ፀሐይ ትጠጣዋለች» አሉ። ከፊሉን እውነት ትጠጣዋለች። በበለስ ኃይል ማመንጫ መጣሁ። ከግንቦት 2002 ጀምሮ ከምዕራብ ዳርቻው በዋሻ ተጠልፎ 460 ሜጋ ዋት ለሚያመነጨው ጣቢያ የሚሄደው የማን ውሃ ነው? «እሱ የጣና ነው፤ አባይን ማን ይጠልፈዋል?» አሉ። ጓደኞቼ አጨበጨቡላቸው።

«እሺ ጋሼ፣ በ1995 ሐይቁ ሸሽቶ ጀልባዎቹ የቆሙ ጊዜ ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት አይለኝ! ያኔ እኔም አልተሳፈርኩም?»

«ጨራጨራስ? በ1988 መውጫው ላይ የተሠራው በር። በሩን ሲዘጉት አባይ ይቀንሳል?»

«ይቀንሳል።»

«ታዲያ የቀረው አባይ የት ያድራል?»

«ከበሩ ጀርባ።»

«ከበሩ ጀርባ ያለው ምንድን ነው?»

ሲኒያቸውን አዞሩ። ወደ ሐይቁ አዩ። ቆዩ።

«እንግዲህ ማደሪያ አገኘ በለኛ» አሉና አስተናጋጇን ጠሩ። «የኔ ልጅ፣ አምስት አሳ ጥብስ።»

መድኃኒቱን ገና አልጨረስኩም ነበር። አፌ ብረት ብረት ይላል፤ የዘይቱ ሽታ ከወጥ ቤቱ ሲመጣ ሆዴ ተገለበጠ።

«አራት ያድርጉት ጋሼ» አልኩ። «ለእኔ ሻይ፣ ያለ ስኳር።»