የእናቴ ምጣድ ለምን ይቆነጥጥ ነበር

ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት፣ ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የማድ ቤቱ ወለል በእበት የተለቀለቀ አፈር ነው፤ በዚያ ሰሞን ርጥበቱ አይለቀውም። እናቴ ትጋግራለች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ትኩሱን እጠብቃለሁ። አክንባሎውን ስታነሳ ክንዷ የምጣዱን ላሜራ ነካ። እጇን ሰብሰብ አደረገችና ምንም እንዳልተፈጠረ ሊጡን ማዞር ቀጠለች።

«ምነው እማዬ?»

«ኧረ ምንም! ትንሽ ቆንጠጥ ያደርገኛል። ኮንጎዬን ሳደርግ ይተወኛል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«አንተ ሶኬቱን ከቀየርክልኝ ወዲህ መሰለኝ።»

እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ከዓመት በፊት የምጣዱ ወንዴ ሶኬት ቀልጦ ነበር። ከሱቅ ርካሽ ባለ ሁለት እግር ገዛሁና ልገጥም ተቀመጥኩ። ከገመዱ የወጡት ሽቦዎች ሦስት ናቸው፤ የአዲሱ ሶኬት ቡሎን ደግሞ ሁለት። ቢጫና አረንጓዴዋ መግቢያ አጣች። ምን አደረግኋት? በመቀስ ቆርጬ በፕላስተር ጠቀለልኳት። ምጣዱ ጋለ፣ እናቴም መረቀችኝ። ያን ቀን ከኔ በላይ ኤሌክትሪሺያን አልነበረም።

ያች የቆረጥኳት ሽቦ የመሬት ሽቦ ናት። ምጣዱ ደህና ሲሆን ሥራ የላትም፤ ለዚህ ነው ብትቆረጥም ሁሉ ነገር የሚሠራው። ሥራዋ የሚጀምረው ሊጥ ወይም ርጥበት ከሸክላው ሥር ገብቶ የጋለውን ሽቦ ከላሜራው ጋር ሲያገናኘው ነው። ያኔ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ትወስደዋለች። እሷ ከሌለች መንገዱ የሚጋግረው ሰው ነው። ኮንጎው ደረቅ ስለሆነ መንገዱን ያጠበው ነበር እንጂ ምጣዱ ደህና ሆኖ አልነበረም። በባዶ እግሯ፣ በርጥብ እጅ ብትይዘው ኖሮ... አሁንም ማሰብ አልፈልግም።

«ብሬከር አለ አይደል?» ብዬ ነበር ለራሴ። አለ፣ 20 አምፔር። ግን ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱ እንዳይቃጠል እንጂ እናቴን አይደለም። 20 አምፔር ማለት 20,000 ሚሊ አምፔር ነው። ሰው ላይ ግን ጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር እንኳ ልብ ሊያቆም ይችላል። ብሬከሩ ሳይሰማ ሰው ያልቃል።

በማግስቱ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ አወረድኩ፣ ምጣዱን ነቀልኩ። መብራት መኖሩን በርታ የምታሳየውን ቴስተር መጀመሪያ መብራት ባለበት ሶኬት ላይ መሞከር ነበረብኝ፤ ካልበራች ራሷ ተበላሽታ ይሆናልና። ይህን ረስቼ ከጀመርኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ማጥፊያውን መልሼ አብርቼ ሞከርኳት፣ እንደገና አጠፋሁ። ሶኬቱን ስከፍት አንዱ ቡሎን ላልቶ ዙሪያው ጠቁሯል። የላላ ቡሎን ይግላል፣ የጋለ ይቀልጣል። የመጀመሪያውን ሶኬት ያቀለጠውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ በላይ ያለውን ለባለሙያ ተውኩት። ደግሞም ልክ ነበርኩ፤ ቤቱ ጭራሽ የመሬት መስመር የለውም። ሦስተኛዋን ሽቦ መልሼ ብገጥማት ኖሮ የምትሄድበት አልነበራትም። ባለሙያው ደጅ ላይ የመዳብ ዘንግ ቀበረ፤ ለምጣዱ ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሳበ። 30 ሚሊ አምፔር እንዳመለጠ መብራቱን የሚቆርጥ ብሬከርም ጨመረ። ዘንጉ ብቻ አይበቃም አለኝ፤ አፈሩ ራሱ ስለሚያግድ ተራው ብሬከር ላይወርድ ይችላል።

ምጣዱን እንሰካባት የነበረችውን ማከፋፈያም አየና ሳቀ። ጀርባዋ ላይ 10 አምፔር ይላል። ምጣዳችን 3,500 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። እኛ ደግሞ እዚያው ላይ ስቶቭ እንጨምርበት ነበር! አሁን ማከፋፈያዋ ለስልክ ቻርጀርና ለቴሌቪዥን ብቻ ናት።

በመጀመሪያው ጋገራ፣ ሁለተኛዋ እንጀራ ሳትበስል መብራቱ ጠፋ። መለስነው፣ ጠፋ። እናቴ ተናደደች፦ «ቆንጠጡ ይሻለኝ ነበር!» አዲሱ ብሬከር ግን ሥራውን ነው የሠራው። ምጣዱን ገልብጠን ስናየው ሸክላው ተሰንጥቆ፣ ሊጡ ወርዶ፣ ሽቦውን የያዘው ጀሶ ርሷል። ምጣዱ ተቀየረ፤ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።

ይህን ሁሉ ጎረቤታችን ቡና ላይ ሰማች። «የኛም እኮ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል» አለች። ቅዳሜ ባለሙያውን ይዤ ልሄድ ተቀጣጥረናል። እስከዚያው እንዳትጋግርበት ለምኛታለሁ።